ስሌትና ማስረዳት፦ የምሕንድስና ተማሪዎችን ሞግቶ መጻፍንና አመዛዝኖ መፍረድን ስለ ማስተማር

(በአጋሮ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሳማኝ ጽሑፍ መጻፍንና ነገርን መርምሮ ማመዛዘንን እንዴት ይማሩ የሚል ነው። ከእናንተ መካከል፣ «ይህስ የቋንቋ መምህራን ጉዳይ ነው፤ መሐንዲስን ምን አገባው?» የሚል እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። መሐንዲስ በገዛ እጁ ድንጋይ አይፈልጥም፤ ጉድጓድም አይቆፍርም። ሥራው ሌሎች ሰዎች ገንዘባቸውን፣ መሬታቸውንና ጉልበታቸውን በአንድ አሳብ ላይ እንዲያውሉ ማድረግ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው በቃልና በጽሑፍ ነው። ስሌቱ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ ባለጉዳዮቹ ካልተቀበሉት ከወረቀትነት አያልፍም። ስሌቱ የተሳሳተ ሆኖ ሳለ በአንደበት ለዛ ተቀባይነት ያገኘ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ከመጀመሪያው ይከፋል። ማሳመንና ማመዛዘን አንዱ ያለ ሌላው ሊማሩት የማይገባ ሙያ ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ልጀምር። በዚህ በአጋሮ ዙሪያ፣ በጎማና በጌራ፣ በማናና በሊሙ፣ የእሸት ወቅት በደረሰ ጊዜ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሌት ተቀን ሥራ ላይ ይሰነብታሉ። ቀዩ እሸት በመፈልፈያው ሲያልፍ ገለፈቱ ከፍሬው ይለያል፤ በፍሬው ላይ የቀረው ዝልግልግ ነገር በገንዳ ውስጥ ከተብላላ በኋላ በውኃ ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሳሽ ስኳርና ፔክቲን የበዛበት፣ የኮመጠጠ ውኃ ነው። ወደ ወንዝ የገባ እንደ ሆነ፣ ይህን ብስባሽ የሚያፈራርሱት ረቂቅ ነፍሳት በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ውኃው ይጠቁራል፤ ይሸታል። ከጣቢያው በታች ያለው ሰው ግን ከዚያው ወንዝ ይቀዳል፤ ከብቱንም ያጠጣበታል። እንግዲህ ነገሩ የሰው ጤናና የሰው እንጀራ በአንድ ቦይ የሚገናኙበት ነው።

የምሕንድስና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ መንፈቅ በሥራ ቦታ እንዲለማመዱ ስለሚደረግ፣ ጥቂቶቹ ወደዚህ አካባቢ ይመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ስለዚሁ ፍሳሽ ያዘጋጀውን ዘገባ የማንበብ ዕድል አግኝቼ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሠላሳ ገጽ ያህል የሚሆን ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ቡና ምን እንደ ሆነ ያብራራሉ፤ ቡና ምን እንደ ሆነ ለአጋሮ ሰው! መካከለኛው ክፍል የማጠራቀሚያና የማጣሪያ ጉድጓዶችን መጠን የሚያሰላ ሲሆን፣ ሥራው የተጣራና የሚያስመሰግን ነበር። መጨረሻው ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተዘጋ፦ «ስለዚህ ጉድጓዶቹ መሠራት አለባቸው።»

ተማሪው ይህንኑ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ፊት እንዲያስረዳ ተደረገ። አሳቡ ከተተረጎመ በኋላ አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ልጄ፣ ከእኛ በላይ ሌላ ጣቢያ አለ። የወንዙ ሕመም ከእኛ መሆኑን በምን ዐወቅህ?» ብለው ጠየቁት። ሌላው፣ «ጉድጓዱ የሚቆፈርበት መሬት የማን ነው?» አለ። አንዲት እናት ደግሞ፣ «ዝናብ ጥሎ የሞላ ቀንስ ወዴት ይፈሳል? ጓሮዬ ከበታቹ ነው» አሉ። ተማሪው የወንዙን ውኃ ለምርመራ የቀዳው ከጣቢያው በታች ብቻ ስለ ነበር ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። መሬቱ የአንድ አባል የቡና ማሳ ነበር፤ በዘገባው ውስጥ ግን «ነጻ ቦታ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሦስተኛውን ጥያቄ እንኳ በስሌቱ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ የጉድጓዱን ከፍታ ሲወስን የዝናቡን መጠን ጨምሮ አስልቶ ነበርና። ነገር ግን ይህ አኃዝ በሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ባለ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀብሮ ስለ ነበር፣ እርሱም ራሱ በዚያች ሰዓት አላስታወሰውም። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

የሦስቱን ሰዎች ጥያቄ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ለአንድ ውጤት ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል የሚያስገነዝብ ነው። ሁለተኛው ሳይነገር የታለፈውን መነሻ አሳብ ወደ ብርሃን ያወጣል። ሦስተኛው አንድ መፍትሔ ራሱ የሚያስከትለውን ችግር ይመረምራል። በዩኒቨርሲቲ ሂሳዊ አስተሳሰብ እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ከእነዚህ ከሦስቱ የተለየ ምን አለው? ገበሬዎቹ ትምህርቱን በስሙ አያውቁትም፤ በሥራ ግን ይዘውታል። ተማሪው ስሙን ያውቀዋል፤ ፈተናውንም ያለፈ ነው።

ስለ ትምህርቱ እንዲህ ስል ለማጣጣል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደገና ሲጀመሩ፣ ሥነ አመክንዮና ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚባለው ትምህርት ለሁሉም ተማሪ እንዲሰጥ መደረጉ ተገቢ እርምጃ ነበር። ችግሩ በአሰጣጡ ላይ ነው። የተሳሳተ ክርክር ዓይነቶች በስም እየተዘረዘሩ ይጠናሉ፤ ተማሪውም ከአራት አማራጮች አንዱን እያከበበ ይፈተናል። ስለዚህ የሌላውን ሰው ስሕተት በስሙ መጥራት ይለምዳል እንጂ የራሱን አሳብ ከሥር እስከ ጫፍ ገንብቶ፣ ሰው እንዲነቅፈው በአደባባይ ማቆምን አይለማመድም። የዋና ዓይነቶችን ስም አጥንቶ ወንዝ ውስጥ ያልገባ ሰው ዋናተኛ ነው አይባልም።

ሥሩ ከዚያም በፊት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪዎች 3 ብቻ ያህል መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ መደንገጡም አግባብ ነበር። ነገር ግን ያ ፈተና ከተማሪው አንዲት አንቀጽ እንኳ እንዲጽፍ አለመጠየቁን ያነሣ ሰው ብዙ አልሰማሁም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው የመውጫ ፈተናም እንደዚሁ በምርጫ የሚመለስ ነው። መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞግቶ እንዲጽፍ ሲጠየቅ ቢደናገር ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጫን አይገባም።

አንድ እንግሊዛዊ ፈላስፋ፣ ስቲቨን ቱልሚን፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ክርክር አሠራር ያስተማረው ነገር ለእኛ ሙያ በጣም ይስማማል። አንድ ሰው ድምዳሜ ሲያቀርብ ማስረጃ ያቀርባል፤ ነገር ግን ማስረጃው ወደ ድምዳሜው የሚያደርሰው ሦስተኛ ነገር፣ ማለትም ማያያዣ ሲኖር ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። የተማሪያችን ማስረጃ የተበከለ ውኃ ነበር፤ ድምዳሜው ጉድጓድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ፣ ማለትም ብክለቱ የመጣው ከዚህ ጣቢያ መሆኑ፣ አልተሠራም። መሐንዲስ ሁለት ምሰሶ አቁሞ መሸጋገሪያውን ቢረሳ ይሳቅበታል። በጽሑፍ ላይ ሲሆን ግን ዝም ብለን እናሳልፈዋለን።

ስለ ማመዛዘን ለማስተማር ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የአጋሮ ምድር ራሱ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ሁለት ታሪኮችን ላንሣ።

የዚህ አካባቢ ቡና ለብዙ ዘመን በገበያ ላይ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ነበር። ብዙ ነጋዴዎችም፣ «የጅማ ቡና ጣዕም የለውም» ብለው ደምድመው ነበር። ማስረጃቸው ሐሰት አልነበረም፤ የቀመሱት ቡና በእርግጥ ደካማ ነው። ማያያዣው ግን የተሳሳተ ነበር፤ ጉድለቱ ከአፈሩና ከዛፉ የመጣ መሆኑን ማንም ሳያጣራ ተቀብሎታልና። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከገበሬዎች ጋር ሆኖ ውኃ ቆጣቢ የማጠቢያ መሣሪያዎችን በዚህ አካባቢ ሲያስገባ፣ ያው አፈርና ያው ዛፍ ሌላ ቡና ሰጠ። ዱሮሚና የተባለው የአጋሮ አካባቢ የኅብረት ሥራ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ቀማሾቹ ቡናው የማን መሆኑን ሳያውቁ ነው የሚፈርዱት፤ ይህም ራሱ ለተማሪ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው፤ ስም ሳያዩ መፍረድ ለአእምሮ ልጓም ነውና። እንግዲህ ለዘመናት «ቡናው ነው» ሲባል የኖረው ጉድለት በአሰባሰቡ፣ በአደራረቁና በአጠባበቁ ላይ የነበረ ሆኖ ተገኘ። በአንዲት የተሳሳተ ማያያዣ ምክንያት ስንት ገበሬ ስንት ዓመት ዋጋ እንዳጣ ማስላቱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በሽታው አረንጓዴውን ፍሬ የሚያጠቁር፣ የሚያበሰብስና የሚያረግፍ ሻጋታ ነው። ኬንያን ካጠቃ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። በወቅቱ መድኃኒት መርጨት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ከአነስተኛ ገበሬ አቅም በላይ ከመሆኑም በላይ በጫካና በጓሮ ተበታትኖ ለበቀለ ቡና የሚሆን ዘዴ አልነበረም። በጅማ አጠገብ በሚገኘው በመልኮ የምርምር ጣቢያ የነበሩ ባለሙያዎችና የሥራ ተባባሪዎቻቸው ሌላ መንገድ ያዙ። ኢትዮጵያ የቡናው መገኛ እስከ ሆነች ድረስ፣ በሽታው ክፉኛ ባጠቃቸው ማሳዎች ውስጥ ሳይታመሙ የቀሩ ዛፎች ሊኖሩ ይገባል ብለው ፍለጋ ጀመሩ። አገኙም።

እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቼን ቆም የማደርጋቸው። ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ታዲያ በሽታውን ይቋቋማል ማለት ነውን? ብዙዎቹ «አዎን» ይላሉ። ነገር ግን ዛፉ ያመለጠው ጥግ ላይ ስለ ቆመ፣ ፍሬው ቀድሞ ስለ በሰለ ወይም በዚያ ዓመት ፍሬው አነስተኛ ስለ ነበረ ሊሆን ይችላል። ማምለጥና መቋቋም ለዓይን አንድ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን ጠንቅቀው ስላወቁ ከየዛፉ የተገኘውን ፍሬና ችግኝ በሽታውን በሚያመጣው ሻጋታ እየበከሉ ፈተኑት፤ በማሳም ላይ ደጋግመው ተከታተሉት። ብዙዎቹ ወደቁ። የቀሩት ጥቂቶቹ፣ ዐሥርቱ ዓመት ሳይፈጸም፣ ለገበሬው ተሠራጩ። ዛሬ በየማሳው 741፣ 744፣ 74110፣ 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ዝርያዎች እነዚያ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን የ1974 እ.ኤ.አ. ዓመት የሚያመለክቱ ናቸው። ገበሬው በየቀኑ የሚጠራቸው እነዚህ ቁጥሮች አንድ ጥያቄ ሳይዘለል በመጠየቁ የተገኙ መሆናቸውን የሚያውቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ከመመርመር ወደ ማሳመን እንመለስ። አገራችን በሙግት ባህል ደሀ አይደለችም። በልሃ ልበልሃ ወይም ተጠየቅ በሚባለው በቀድሞው የችሎት ሥርዓት ተሟጋቾች ሕዝብ በተሰበሰበበት በመንገድ ዳርና በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ በውርርድ እየተያያዙ፣ አንዱ የሌላውን ቃል በጥያቄ እየያዘ ይከራከሩ ነበር። በዚህ በጅማ ምድርም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ሲመለከቱ አንዱ ተናጋሪ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም፤ ሁለቱም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። የዚህ ሁሉ ኃይሉ ተቃዋሚው ፊት ለፊት መኖሩ ነው። ድካሙ ደግሞ ለዛ ማስረጃን መተካቱ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንላለን፤ ብርሌው ስላማረ ግን ጠጁ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ተማሪዎቻችን በስብሰባ ላይ ተረት ጠርተው ጭብጨባ ሲያገኙ ነገሩን ያስረዱ ይመስላቸዋል፤ እኛም እናጨበጭባለን።

የተማሪ ጽሑፍ ከልምምድ ያለፈ ኃይል እንዳለው ለሚጠራጠር ሰው የዋለልኝ መኮንንን ጽሑፍ ማስታወስ ይበቃል። ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት ጥቂት ገጾች ያሏት መጣጥፍ በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ከወጣች ወዲህ የአገሪቱን ክርክር ሳትለቅ ኖራለች። አንባቢ ይስማማባት ወይም አይስማማባት፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በዚያም በዚህም ወገን፣ የተለየ አሳብ ያቀረበ ሰው ምክንያቱ ሳይመረመር ስም እየተለጠፈበት መታለፉ ነው። የቃል ኃይልን የተማረ ትውልድ ቃልን በቃል መመለስን አልተማረም ነበር።

ማስረጃ በእጅ እያለ አለማስረዳት ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ምሳሌ ከውጭ አገር ልጨምር። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር በጥር ወር 1986 እ.ኤ.አ. በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች አልቀዋል። በዋዜማው ምሽት የሮኬቱ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹን ስለሚያደነድን በረራው እንዲዘገይ በስልክ ስብሰባ ላይ ጠይቀው ነበር። ከዚያ በፊት ከተደረጉት በረራዎች ሁሉ እጅግ ቀዝቃዛው በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የተደረገው ሲሆን፣ ለማግሥቱ የተተነበየው ግን ከዜሮ በታች ነበር። መሐንዲሶቹ እውነቱን ይዘዋል። ያቀረቧቸው ሠንጠረዦች ግን የአየሩን ቅዝቃዜና የቀለበቶቹን ጉዳት በአንድ ሥዕል አጣምረው፣ ጉዳት ያልደረሰባቸውን በረራዎች ጭምር የሚያሳዩ አልነበሩም። ስለዚህ ተቃራኒው ወገን፣ «በሞቃት ቀንም ጉዳት ታይቷል» ብሎ ሊከራከራቸው ቻለ። ጥፋቱ የመሐንዲሶቹ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአለቆቻቸው ግፊት በኋላ በተደረገው ምርመራ ተገልጿል። ነገር ግን ያችን አንዲት ሥዕል ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው አኃዝ በእጃቸው ነበር። የእኛን ተማሪ ሃያ ሦስተኛ ገጽ እዚህ ላይ አስታውሱልኝ።

አሁን ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል፤ በእኔ አስተያየት የነገሩ እምብርት ይኸው ነውና። ተማሪው የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የገበሬዎቹም ስብሰባ እንዲሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደብዳቤ ደግሞ በአማርኛ ይጻፋል። ይህን ብዙዎቻችን እንደ ሸክም እንቆጥረዋለን። እኔ ግን መፈተኛ ነው እላለሁ። አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ «የውኃው ባዮኬሚካል ኦክሲጅን ዲማንድ ከፍተኛ ነው» ብሎ ለመጻፍ ነገሩን ማወቅ አያስፈልገውም፤ መገልበጥ ይበቃዋል። ይህንኑ ለአንዲት የጎማ እናት በአፋን ኦሮሞ ሲያስረዳ ግን፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ረቂቅ ነፍሳት አየሩን እንደሚጨርሱት፣ ዓሣውም ታፍኖ እንደሚሞት ከመናገር ሌላ መሸሸጊያ የለውም። ያልገባው ከሆነ እዚያው ይታወቃል። በባዕድ ቋንቋ የተሸፈነ ድንቁርና በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይገለጣል።

ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ሠላሳውን ገጽ በጥቂት ደቂቃ፣ ከተማሪያችን በተሻለ እንግሊዝኛ ይጽፈዋል። ስለዚህ ዘገባ ተቀብሎ ገጽ እየቆጠሩ ማርክ መስጠት ከእንግዲህ ዋጋ የለውም። መሣሪያው ግን ከጣቢያው በላይ ወጥቶ ውኃ አይቀዳም፤ መሬቱ የማን እንደ ሆነም አይጠይቅም፤ አዛውንቱ ሲያፋጥጡት በተማሪው ፈንታ ቆሞ አይመልስም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይህ አካባቢ ከሌላው የተሻለ መነሻ አለው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ ግብርና ኮሌጅና ከጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውሕደት ሲመሠረት፣ ከኢንስቲትዩቱ የወረሰው ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት የሚባል ፈሊጥ ነበር፤ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያዎች ውስጥ ይለማመዳሉ፤ አጋሮም ከልምምድ ቦታዎቹ አንዷ ሆና አገልግላለች። ለጤና ባለሙያ የሠራው ለመሐንዲስ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ተማሪው ሠላሳውን ገጽ ይጻፍ፤ አልከለክልም፤ ስሌቱ አንድ ቦታ መስፈር አለበት። ከዚያ በላይ ግን በሰሚው ቋንቋ አንዲት ገጽ ይጻፍ። በዚያች ገጽ ላይ የሚፈልገውን ነገር በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገር፤ ማስረጃውን ከማያያዣው ጋር ያስቀምጥ፤ ወጪውና ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይደብቅ ይግለጥ። ቀጥሎ፣ ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ነው፣ የተቃዋሚውን አሳብ ተቃዋሚው ራሱ «አዎን፣ የምለው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አሳምሮ ይጻፍ። የተቃዋሚን ቃል አድክሞ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሲመታ ግን የተመታው ገለባ ነው።

መምህራኑ ጊዜ የለንም ቢሉ ሐሰት አይደለም። መቶ ተማሪ የያዘ መምህር መቶ ጽሑፍ አርሞ መመለስ አይችልም። አንዲት ገጽ ግን ከሠላሳ ገጽ ታጥራለች፤ ከዚህም ሌላ ተማሪዎቹ አንዳቸው የሌላቸውን ጽሑፍ እንዲሞግቱ ቢደረግ ሥራው ይቀላል፤ ሙግቱም በዚያው ይለመዳል። የቀረውን ሸክም እኛ በሥራ ላይ ያለነው ልንጋራ ይገባል። የሙያ ምስክርነት ፈርመን የምንሰጠው እኛ ነንና፣ ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ማስረዳቱንም አይተን ብንፈርም ማንም አይከለክለንም።

በበኩሌ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በሚመጣው የእሸት ወቅት ተማሪ የምንቀበል አባላት እያንዳንዱ ተማሪ በገበሬዎቹ ስብሰባ ላይ ቆሞ የሚጠየቅበትን ግማሽ ቀን በመርሐ ግብሩ ውስጥ እናስገባ፤ ጠያቂዎቹም እኛ ሳንሆን የጣቢያው አባላትና ከጣቢያው በታች ያሉት ነዋሪዎች ይሁኑ። የወንዙ ውኃ ከጣቢያው በላይም በታችም፣ መፈልፈያው ከመነሣቱ አስቀድሞ ተቀድቶ መመርመር ስላለበት ተማሪዎቹ ዘግይተው ከመጡ ነገሩ ይበላሻል። ስለሆነም ከመስከረም አጋማሽ በፊት እንዲደርሱን የሚጠይቀውን ደብዳቤ ከዚህ ስብሰባ ሳንነሣ እንድናዘጋጅ እለምናለሁ። ረቂቁን ይዤዋለሁ፤ ርዝመቱ አንድ ገጽ ነው።